የገዛ ፋይሌን ለማጥፋት ማንን ላስፈቅድ?

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ቤታችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። ሆዷ ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለ። በዋይፋይ በኩል የቤቱ ሰው ሁሉ ከስልኩም ከላፕቶፑም ፎቶና ቪዲዮ ያስቀምጥባታል። ባለሙያዎቹ «ናስ» ይሏታል። እኔ ግን ናስ ሲባል ትዝ የሚለኝ የናስ መቅረዝ ስለሆነ ሰርቨር ብዬ ልቀጥል።

አንድ ምሽት ዲስኩ ጢም ብሎ ሞላ። ብዙው ድግግሞሽ ነበር፤ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር አንዱ ፎቶ አራት ቦታ ተቀምጧል። ድግግሞሹን ላጠፋ ቁጭ ስል ላፕቶፑ እምቢ አለኝ። ይህን ፋይል ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልግሃል አለኝ። የማን ፈቃድ? ብዬ ሳነብ የሚጠራው የራሴን ስም ነው። እኔ ከእኔ ፈቃድ አምጣ ተባልኩ ማለት ነው።

ይህ መልእክት ደርሷችሁ ከሆነ ቀጥሎ ምን እንዳደረጋችሁ መገመት አያቅተኝም። እኔም ያው ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሰው ሁሉ የሚመክረው 777 የሚባል ቁጥር አለ፤ እሱን ለዋናው ፎልደር ሰጠሁና ነገሩ ተፈታ። ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ቦታ አነሰውና «እያጸዳሁ ነው» ብሎ አንድ ሙሉ ፎልደር አጠፋ። ስልኩ ላይ ያለ መስሎት ነበር፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ነበር። በኔትወርክ በኩል የሚጠፋ ፋይል ዊንዶውስ ላይ የለመድነው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይገባም። የሰርቨሩን ቅርጫት ደግሞ ቦታ ይቆጥባል ብዬ እኔው ዘግቼዋለሁ። ፎልደሩ የ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ነበር፤ እናቴ በእግሯ ወጥታ ያየችው የመጨረሻው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ቴሌግራም ላይ የቀሩለትን ጥቂቶች መለሰልን፤ ቴሌግራም ጨምቋቸው ፊቶቹ ደብዝዘዋል።

ልጁን አልተቆጣሁትም። በሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ግን አንድ ጥያቄ ቀረብኝ፦ ለመሆኑ ፋይል የማጥፋት መብት የማን ነው? የፋይሉ ባለቤት ነው ትሉ ይሆናል። ኮምፒውተሩ እንደዚያ አያስብም። የማያስብበትም ምክንያት ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው 777 አይጽፍም። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኮምፒውተሩ በፊት ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ዕቃ ቤት ልውሰዳችሁ።

ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላ ባሉት ዘመናት ነገሥታቱ ለአብያተ ክርስቲያናት ጉልት ይሰጡ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የከተማው ሰው መሬትና ቤት ይሸጥ ይገዛ ነበር። ውሉ ግን ባለመሬቱ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ የሚያኖረው ወረቀት አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ወይም በሌላ ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ ባዶ በቀረው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይጻፋል፤ ሻጩ፣ ገዥው፣ ዋጋው፣ ዋሱ፣ ምስክሮቹ። ዶናልድ ክረሚ የሚባለው የታሪክ ምሁር በ2000 ያሳተመው ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ በብዛት የተመሠረተው በእነዚህ የኅዳግ ማስታወሻዎች ላይ ነው።

ለምን ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ? መጽሐፉ ዕቃ ቤት ይቀመጣላ! የዕቃ ቤቱ ነገር ደግሞ በቄሰ ገበዙ እጅ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይም የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይጻፋል። «የፋቀው» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ብራና እንደ ወረቀት አይደለም፤ በስለት ቀስ ተብሎ ቢፋቅ ቀለሙ ይለቃል፣ በላዩም ሌላ ስም ይጻፍበታል። ማጥፋት ማለት መፋቅ ነበር። ግዝቱ እያለም ተፍቋል፦ የብራና ካታሎጎችን ያገላበጠ ሰው የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም የገባባቸውን መጻሕፍት ደጋግሞ ያገኛል።

አሁን አስቡት። መሬቱ የእኔ ነው እንበል፤ ስሜ ያለው ግን ወንጌሉ ውስጥ ነው። ያንን መስመር ላሰርዝ ብል ባለመሬት መሆኔ ብቻውን ዕቃ ቤቱን አያስከፍትልኝም። በአንጻሩ መሬቱ ውስጥ አንድ ክንድ የሌለው ሰው፣ ቁልፉና ስለቱ እጁ ከገባ፣ ስሜን ሊፍቅ ይችላል። መሬቱን አልነካም፤ የነካው መዝገቡን ነው። የእኔ ግን የሚለኝ ጠፋ።

ሰርቨራችሁ የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው።

በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። ዛሬ በየቤቱ ያሉት የማከማቻ ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚሠሩበት ሊኑክስ የዩኒክስን ሕግ ወርሷል። በዩኒክስ ሕግ ፎልደር ማለት ውስጡ ፋይል የታጨቀበት ከረጢት አይደለም። መዝገብ ነው። ከመዝገብነት ሌላ ምንም አይደለም። በ1970ዎቹ እያንዳንዱ መስመር 16 ባይት ነበር፦ 2ቱ ባይት ለቁጥር፣ 14ቱ ለስም። የፋይሉ ሰውነት ዲስኩ ላይ ሌላ ቦታ ተኝቷል፤ መዝገቡ «ይህ ስም ያለው፣ ቁጥሩ ይህ ነው» ብሎ ይጠቁማል እንጂ ፋይሉን አይዝም። አንድ ፋይል በሁለት መዝገብ በሁለት ስም ሊመዘገብም ይችላል።

ስለዚህ ዩኒክስ ውስጥ ፕሮግራም ፋይል ሲያጠፋ የሚጠራው ትእዛዝ ስሙ «አጥፋ» አይደለም፤ «አንሊንክ» ነው፣ አላቅቅ እንደ ማለት። የሚያደርገውም ከመዝገቡ ላይ አንድ መስመር መፋቅ ነው። ፋይሉን የሚጠቅስ መስመር በየትኛውም መዝገብ ሲያልቅ፣ የከፈተው ፕሮግራምም ሲዘጋው፣ ያኔ ቦታው ይለቀቃል።

ውጤቱን ተመልከቱ። ማጥፋት መዝገቡ ላይ መጻፍ ከሆነ፣ የሚጠየቀው ፈቃድ የፎልደሩ ነው። የፋይሉ ፈቃድ ጭራሽ አይታይም። ፎልደሩ ላይ መጻፍና መግባት የሚችል ሰው፣ ማንበብ እንኳ የተከለከለውን የሌላ ሰው ፋይል ማጥፋት ይችላል። ፎልደሩ ላይ መጻፍ የማይችል ሰው ደግሞ የገዛ ፋይሉን ማጥፋት አይችልም። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ስህተት የተናገርኩ ይመስላቸዋል፤ ሞክረው እስኪያዩት ድረስ ይከራከሩኛል።

የእኔም ችግር ይኸው ነበር። የፎቶዎቹ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ላፕቶፑ ስሜን የጠራው ለዚያ ነው። ፎልደሩ ግን ከድሮው ሰርቨር ስገለብጠው በአስተዳዳሪው ስም ተመዝግቦ ቀርቷል። መልእክቱ የተሳሳተ ሰው ዘንድ ላከኝ። ባለመሬቱን ጠይቅ አለኝ፤ መጠየቅ የነበረብኝ ቄሰ ገበዙን ነው።

ይህን ሕግ ቶምፕሰንና ሪቺ ብቻቸውን አላመጡትም። ከ1965 ጀምሮ ኤም.አይ.ቲ.፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቤል ላብስ መልቲክስ የሚባል ግዙፍ ሥርዓት አብረው ይሠሩ ነበር። መልቲክስ ላይ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚዘረዝር ስም ዝርዝር ነበረው፤ ማጥፋትም የፎልደሩ መብት ነበር። ቤል ላብስ በ1969 ከፕሮጀክቱ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች የቀራቸው ትንሽ፣ ማስታወሻዋ ጠባብ የሆነ ማሽን ነው። ስም ዝርዝሩ አይገባም። ስለዚህ አሳጠሩት። በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የአንድ ፋይል ፈቃድ በሙሉ 7 ቢት ነው፦ ለባለቤቱ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስኬድ፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እንዲሁ ሦስት፤ ሰባተኛው ፕሮግራሙ በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ። አያችሁ? እኔና የቀረው ዓለም፣ በቃ። መሃል ላይ ማንም የለም።

ያው ጽሑፍ በ1978 ተሻሽሎ ሲወጣ ቢቶቹ 10 ሆነዋል። የተጨመሩት ሦስቱ የቡድን ናቸው። ቡድን ማለት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል፣ እኛ ቤት ደግሞ ቤተሰብ ማለት ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አብረው የሚሠሩት ሰዎች እንኳ ከራሳቸውና ከመንገደኛ መሃል ሌላ ደረጃ እንደሚያስፈልግ ያዩት ሲጠቀሙበት ነው።

አሁን 777ን አንብቡት። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ሲደመሩ 7። የመጀመሪያው 7 ለባለቤት፣ ሁለተኛው ለቡድን፣ ሦስተኛው ለማንም። ፎልደር ላይ ሲጻፍ ማንም ሰው ከመዝገቡ ማንኛውንም መስመር ይፋቅ ማለት ነው፤ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ስለቱን ደጃፉ ላይ ትቶ እንደ መሄድ። እርግጥ ሥራ ያስኬዳል፤ በር ያነሳ ሰውም ቁልፍ ጠፋብኝ አይልም።

ይህ ጣጣ የደረሰብን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ዩኒክስ ላይ ሁሉም ሰው ጊዜያዊ ፋይሉን የሚያስቀምጥበት የጋራ ፎልደር አለ፤ ሁሉም እንዲጽፍበት ክፍት መሆን አለበት። ክፍት ከሆነ ግን ሁሉም የሁሉንም ያጠፋል። መፍትሔው በ1986 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በወጣው 4.3 ቢኤስዲ ላይ መጣ። ቀድሞ ለሌላ ሥራ የተፈጠረ «ስቲኪ» የሚባል ቢት ነበር፣ የሚያጣብቅ እንደ ማለት፤ ፎልደር ላይ ሲደረግ ትርጉሙን ቀየሩት። ይህ ምልክት ባለበት ፎልደር ሁሉም መጨመር ይችላል፤ የሚያጠፋው ግን የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪው ብቻ ነው። የእህቴን ልጅ እጅ የሚይዘው ይህች አንዲት ቢት ነበረች።

እዚህ ላይ ከብራናው የሚለይ ነገር አለ። በብራናው ላይ ስም ሁሉ ነገር ነው። ሰርቨሩ ግን ስም አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ለመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ይሰጡታል፤ ቀጣዩ 1001፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ስማችሁ ለዓይናችሁ ብቻ የተለጠፈ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ከአሮጌ ሰርቨር ነቅላችሁ አዲስ ላይ ስትሰኩት ስማችሁ ያው ሆኖ ቁጥራችሁ ከተለወጠ፣ ለማሽኑ እንግዳ ናችሁ። ተቃራኒውም አለ። ሰን የሚባለው ኩባንያ በ1984 ያወጣው ኤን.ኤፍ.ኤስ. በተለመደው አሠራሩ ከላፕቶፑ የሚመጣውን ቁጥር እንዳለ ይቀበላል። ላፕቶፑ ላይ 1000 እናንተ፣ ሰርቨሩ ላይ 1000 ወንድማችሁ ከሆነ፣ የወንድማችሁን ፋይል ያለምንም ጥያቄ ታጠፋላችሁ፤ የራሳችሁን ግን ትከለከላላችሁ። የላፕቶፑ አስተዳዳሪ ሆናችሁ ብትመጡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ማንም ወዳልሆነ ሰው ይቀይራችኋል። በቤታችሁ ነገሥታት ናችሁ፤ በሰው ደጅ ግን እንግዳ።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ አንድ እጥፍ ይጨምራል። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤን.ቲ. የመልቲክስን ዓይነት ስም ዝርዝር መልሶ አመጣ፤ በእሱ ሕግ የማጥፋት መብት ለብቻው የቆመ ሲሆን ከፋይሉም ከፎልደሩም ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን ሕጎች የሚያስታርቀው ሳምባ ይባላል። አንድሩ ትሪጅል ካንቤራ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ተማሪ ሳለ በ1991 መጨረሻ የጀመረው ነው። ስሙን ያገኘው ኤስ፣ ኤምና ቢ የሚባሉት ሦስት ፊደሎች በቅደም ተከተል ያሉባቸውን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ነው። ሳምባ ጎበዝ አስተርጓሚ ነው፤ ግን አስተርጓሚ አንዳንዴ ወደ አንዱ ወገን ያዘነብላል። ለምሳሌ «ማንበብ ብቻ» የሚል ምልክት ያለበትን ፋይል ማጥፋት በዊንዶውስ ወግ ክልክል ነው፣ በዩኒክስ ግን ፎልደሩ ከፈቀደ ይቻላል። ሳምባ፣ ካልነካችሁት በቀር፣ የሚከተለው ዊንዶውስን ነው። ፎልደሩን አስተካክላችሁም እምቢ ካለ መጀመሪያ ይህን እዩ፤ ምልክቱን ማንሳት ብቻ ይበቃል።

ደግሞ የእኛ አገር ጉዳይ አለ፣ መብራት። ሰርቨሩ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ የዲስኩ መዝገብ ሊበላሽ ይችላል። ሊኑክስ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲያይ ብዙ ጊዜ የባሰ እንዳይመጣ ዲስኩን በሙሉ ማንበብ ብቻ ያደርገዋል። ጠዋት ስትነሱ ፎቶው ሁሉ ይታያል፣ ይከፈታል፣ አንዱም ግን አይጠፋም፤ አዲስም አይገባም። በዊንዶውስ ቅርጸት የተሠራ ውጫዊ ዲስክ ሳይሰናበት ከተነቀለም ሊኑክስ ላይ ሲሰካ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የፈቃድ ችግር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ 777 ሺህ ጊዜ ብትጽፉ አይሰማችሁም። ዲስኩ መመርመርና መጠገን አለበት። መለያው ቀላል ነው፦ ትናንት የሚጠፋው ሁሉ ዛሬ ለማንም፣ ለአስተዳዳሪውም ጭምር ካልጠፋ ጥፋቱ የፈቃድ አይደለም። የጠላ ጋን ያህል ባትሪ ባይኖራችሁ እንኳ ሰርቨሩን በሥርዓት እስኪዘጋ የሚያቆይ ትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. ግዙለት።

ወደ ዕቃ ቤቱ አንዴ ልመለስ፤ ፋይል ማዛወርም ከቀድሞው መዝገብ መፋቅ ነውና። ጎንደር ይህን አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 መጨረሻ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው ወሰዱ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ከእነሱም መካከል የጎንደር የመሬት ማስታወሻ የተጻፈባቸው አሉ። አንድም መስመር ሳይፋቅ መዝገቡ ከነሕይወቱ ሄደ። የቀሩትን ከዚህ ዓይነቱ ዕጣ ለመጠበቅ ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተነሡት ማይክሮፊልሞች ወደ 9000 ብራና የሚሸፍኑ ናቸው፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ሚኒሶታ። ፈቃድና ቅጂ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ፊልሙን ያነሡት ሰዎች ያውቁ ነበር። እኔ ሁለት ዲስክ ስላለኝ ቅጂ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ዲስክ የመጀመሪያው ሲያጠፋ አብሮ ያጠፋል።

አሁን የሰርቨራችን ነገር እንዲህ ሆኗል። «ቤተሰብ» የሚባል ቡድን ከፈትኩ። የፎቶ ፎልደሩ ባለቤት እኔ፣ ቡድኑ ቤተሰብ፣ ለሌላው ምንም፤ ቁጥሩ 3770 ነው። መጀመሪያ ያለው 3 የሁለት ምልክቶች ድምር ነው፦ 1 ስቲኪው፣ 2 ደግሞ አዲስ የሚገባ ፋይል ሁሉ የቤተሰብ ቡድን እንዲሆን የሚያደርገው። የሰርቨሩ የቆሻሻ ቅርጫት ተከፍቷል። አንድ ዲስክ ወር በወር ተገልብጦ እህቴ ቤት አዘዞ ይቀመጣል።

ከዚያ የፋይሎቹን ባለቤቶች ዝርዝር አወጣሁ። አብዛኛው ላይ ስም አለ። ጥቂቶቹ ላይ ግን በስም ፈንታ 1003 የሚል ቁጥር ብቻ ተጽፏል። 1003 ማን ነው ብዬ ትንሽ አሰብኩ። የእናቴ ታብሌት ነው። ካረፈች በኋላ አካውንቷን እኔው ዘግቼዋለሁ፤ ስሟ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ወጣ፣ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ግን ቁጥሯን እንደያዙ ቀሩ። ለእህቴ ልጅ የራሱን አካውንት ልከፍትለት ስል ማሽኑ ከተያዙት የመጨረሻ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ሊሰጠው ነው፤ እሱም 1003። ብሰጠው ኖሮ የአያቱ ፎቶዎች ባለቤት እሱ ይሆን ነበር፣ ስቲኪውም አያግደውም። ቁጥሩን በእጄ 1010 ብዬ ሰጠሁት።